ከወረቡ መሃል የተገኘው ፊት

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአይናለም፤

ሰማይ ሲመለከት ለሚውል ሰው ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ አላውቅምና በለመድኩት ልጀምር። ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። እኔ ከነተማሪዎቼ ደህና ነኝ። የጮቄ ብርድም ደህና ነው፤ እንዳንቺ አገሩን ጥሎ አይሄድም።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። አንሙትን አታውቂውም። ከደጀን በኩል ዜማ ሊማር ወደ እኔ የመጣው አንቺ ዩኒቨርሲቲ በገባሽ ዓመት ነው። መጀመሪያ ተማሪዬ፣ ኋላ ረዳቴ ሆነ፤ ልጄ ነበር ብልሽም አላጋነንኩም። በ2014 ሰኔ ላይ ታመመና ሐምሌን ሳይጨርስ ቀበርነው። ሚስቱ ፅጌ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ልጃቸው ወለተ ኪዳን የተወለደችው እርሱ ካረፈ በኋላ ነው። እናትና ልጅ አሁን ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ።

አንሙት ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። በሠርጉ ዕለት እንኳ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። የቀረችው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነበረች፤ እሷም ውሃ ገብቶባት ዓይኑና አፉ ተደባልቋል። ፅጌ ደብረ ማርቆስ ወስዳ ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጠች። ልጁ በኮምፒውተር አጠራውና አሳድጎ፣ በመስተዋት አድርጎ ሰጣት። የሚያምር ፎቶ ነው። ጥርሱ ነጭ፣ ቅንድቡ የተስተካከለ፣ ሙሽራ የመሰለ ሰው ነው። ግን አንሙት አይደለም። ፅጌ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ባየችው ቁጥር ግን ፊቷን ታዞራለች። ልጅቷ በየጠዋቱ በርጩማ ላይ ወጥታ ትስመዋለች፣ "አባዬ" ትለዋለች። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። አባቷን ሳታየው ቀረች፤ አሁን ደግሞ የማናውቀውን ሰው አባት ልናደርግባት ነው።

በ2014 የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ዕለት ግን አቶ ደምለው የሚባል የወረዳው ሠራተኛ ወረባችንን በስልኩ ቀርጾት ነበር። ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽም እርሱ ነው፤ የቀረጸውንም አብሮ ይልክልሻል። ከሩቅ ነው፣ አቧራ አለው፣ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢሆንም አንሙት እዚያ ውስጥ አለ።

አንቺ ከማይታይ ነገር የሚታይ ምስል ታወጫለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲህ የአንሙትን ፊት አውጪልኝ። አሳምሪው አላልኩሽም፤ አውጪው ነው ያልኩሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል


ኬፕ ታውን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለየኔታ ወልደ ሩፋኤል፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ አለቀስኩ። አባቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ሊድረኝ ሲል፣ እርስዎ ደጃፋችን ላይ መቋሚያዎን ተክለው፣ "ትማር ካላላችሁ ከዚህ አልነቃነቅም" ብለው እስከ ማታ የቆሙት ሁልጊዜ ይታየኛል። ዛሬ እኔን አንድ ነገር ስለጠየቁኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስለ ፎቶ ቤቱ ልንገርዎት። ልጁ ክፉ አላሰበም። ግን መሣሪያው ፎቶውን አላጠራውም፤ ገመተ እንጂ። ብዙ ሺህ የሰው ፊት አይቷል፤ ውሃ ያጠፋውን ቦታ ከሌሎች ሰዎች ፊት ሞላው። ያ የሚያምረው ጥርስ የማንም አይደለም።

እኛ የምንሠራው ሌላ ነው። ካሩ በሚባል ደረቅ ምድር ላይ ብዙ ሳህን መሰል አንቴናዎች ተራርቀው ተተክለዋል። ከሰማይ የሚመጣው የራዲዮ ምልክት በጣም ደካማ ነው፣ የመሣሪያው የራሱ ሁካታ ይውጠዋል። ስለዚህ ደጋግመን፣ ረጅም ሰዓት እናዳምጣለን። ሁካታው በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ ከሰማይ የሚመጣው ግን ያው ነው። ሁሉንም ስንደምረው ሁካታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ እውነተኛው ይጎላል።

የአቶ ደምለው ቪዲዮም እንዲሁ ነው። በየሰከንዱ ሠላሳ ያህል ምስል አለው። እያንዳንዱ ድፍርስ ነው፣ ግን ድፍርስነታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱን ፊት በየምስሉ ውስጥ ተከትዬ፣ አንዱን በአንዱ ላይ በልኩ ካሳረፍኩት የተሻለ ፊት ይወጣል። ከሌላ ሰው አንዲት ነጥብ አልጨምርም።

ችግሩ እኔ አንሙትን አይቼው አላውቅም። ሁሉም ነጭ ለብሷል፣ ሁሉም ጠምጥሟል። የት እንደቆመ ይንገሩኝ።

ጉልበትዎን እስማለሁ፤ አይናለም


ሮብ ገበያ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአይናለም፤

የጥምቀቱ በረከት እስካለሽበት ይድረስልሽ። መልሱ የዘገየው በኔትወርኩ ነው፤ ሄዶ ሰንብቶ መጣ። አቶ ደምለው ያንቺን ደብዳቤ አንብቦልኝ ሁለታችንም ተደነቅን።

ግን እንዳትኮሪ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ በረሃ ላይ ሳህን ተክለሽ የምታደርጊውን እኔ ከማኅበሩ ቤት ሥር ተቀምጬ አደርገዋለሁ። ተማሪዎቼ አንዱን ዜማ በየተራ ሲያሰሙኝ ሁሉም ይስታሉ፤ ግን አንዱ የሳተበት ቦታ ሌላው አይስትም። ሁሉንም የሰማ ሰው ዜማው ራሱ የቱ ጋ እንደሆነ አያጣውም። ይህን ለአለቆችሽ ንገሪያቸው፤ ደመወዝ አልጠይቅም።

አንሙት በቀኝ ረድፍ፣ ከከበሮው ሦስተኛ ነው። በኛ ዘንድ ቦታ በማዕረግ ነው፤ ማንም ደስ ባለው አይቆምም። ለሰባት ዓመት ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂው።

ስትልኪው ተለቅ ይበል። ተለቅ ስልሽ የበር ያህል ቢሆን አልጠላም።

አጎትሽ


ኬፕ ታውን፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ለሁዳዴው ብርታቱን ይስጥልኝ። ምስሉን በትልቁ ልኬያለሁ፤ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ!

አንዲት ትንሽ ነገር ረዳችኝ። ከአንደኛው ጸናጽል ላይ ፀሐይ ታበራለች። ያቺ ብልጭታ በእውነቱ የመርፌ ጫፍ ነው የምታህለው፤ ቪዲዮው ላይ ግን ተንሻፍፋ የባቄላ ቅርፅ ይዛለች። ያ ቅርፅ የአቶ ደምለው እጅና የካሜራው ጥፋት ነው። እኛም ቴሌስኮፑን በሰማይ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ብሩህ ነጥብ እንዲሁ እንፈትነዋለን። መሣሪያው አንዲትን ነጥብ እንዴት እንደሚያበላሻት ካወቅን፣ ሌላውንም እንዴት እንዳበላሸው እናውቃለን፤ መልሰን እናቃናዋለን። ግን ልክ አለው። ከመጠን በላይ ከገፉት ያልነበረ መሥመር ያበቅላል። እኔ የቆምኩት ከዚያ በፊት ነው።

ሰፊ ግንባር፣ ደልደል ያለ ጉንጭ። ጢሙ መሸበቱ ብቻ ገረመኝ፤ ወጣት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አይናለም


ሮብ ገበያ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአይናለም፤

እጅሽን ይባርከው። ምስሉ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ በአምበር ከተማ ያለው መሪጌታ መሳፍንት ነው።

አቶ ደምለው በወረቀት አሳትሞ ሲያመጣው ፅጌ ተቀብላ አየችው። ወረቀቱን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ሄደች። እኔ አለቀሰች ብዬ ተጨነቅሁ። ከዚያ ሳቀች፣ ያውም ከልቧ፣ ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ። "የኔታ፣ መሪጌታ መሳፍንትን ነው ከዚያ ሁሉ አገር ያስመጡልኝ!" አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ስለዚህ ድካምሽ ከንቱ ነው አትበይ። ምስሉን ለመሪጌታ መሳፍንት ላክንለት። እልፍኙ ውስጥ ሰቅሎታል አሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ዕለት መሪጌታ መሳፍንት እንግዳችን ነበር። ለእንግዳ ሊቅ ቦታ መልቀቅ ወጋችን ነው፤ አንሙት ሳይጠየቅ ቦታውን ለቀቀለትና ወደ ኋላ ረድፍ ገባ። ይህን ፅጌ ናት ያስታወሰችኝ። እኔ ማዕረጉን እንጂ ትሕትናውን አልቆጠርኩትም።

እንግዲህ ከኋላ ፈልጊው። ብዙ የሚታይ አይመስለኝም፤ ባይገኝም አልቀየምሽም። ልጅቷ ግን አሁን ለዚያ ለፎቶ ቤቱ ሰውዬ ዳቦዋን ቆርሳ ማቅረብ ጀምራለች።

ደግሞ ይህን ጊዜ ስትልኪ ትልቅነቱ ይቅር። ፊቱ ምን እንደሚመስል በጽሑፍ ዘርዝረሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ


ኬፕ ታውን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። መሪጌታ መሳፍንትን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ወይም ምስጋናቸውን ይቀበሉልኝ።

አንሙትን አገኘሁት፤ ቪዲዮው ሲጀምር ቦታውን ለእንግዳው ለቆ ወደ ኋላ ሲሄድ ከጀርባው ይታያል። ከኋላ ረድፍ ቆሟል፣ ከፊቱ ያለ ሰው ትከሻ ይጋርደዋል። ሙሉ ፊቱ አንድ ጊዜም አይታይም። ግን ወረብ እኮ ነው! ከፊት ያለው ሰው ወደ ግራ ሲያዘነብል የአንሙት ግንባርና ቀኝ ዓይኑ ብቅ ይላል፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አገጩ ይታያል። በአንድ ጊዜ የሚታየው ቁራጭ ነው። የእኛም አንቴናዎች ሰማዩን በአንድ ጊዜ ሙሉውን አያዩትም፤ ምድር ስትዞር በየሰዓቱ ሌላ ሌላ ቁራጭ ይይዛሉ፣ ቁራጮቹ ተገጣጥመው ምስል ይሆናሉ። እዚህ ምድሪቱን የሚያዞርልኝ ወረቡ ነው።

ስለዚህ የትኛው ምት ላይ ሰውየው ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ አለብኝ። ኮምፒውተሩ ከበሮውን ይሰማል፣ አካሄዱን ግን አያውቅም።

አሁን የማልጠይቀውን ልጠይቅዎ። በጥቅምት ፊደልዎ እንደ ድሮው ደቃቅ ነበር። በጥር ገዘፈ። በመጋቢት መሥመሩ ወደ ታች ተንሸራተተ። መጀመሪያ ምስሉን ፈለጉ፣ ቀጥሎ የበር ያህል አሉኝ፣ አሁን በቃል ንገሪኝ ይሉኛል። የኔታ፣ ቪዲዮውን ራስዎ አይተውት ያውቃሉ?

አይናለም


ሮብ ገበያ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአይናለም፤

የሚናገሩት የኔታ ናቸው፣ የምጽፈው እኔ ደምለው ነኝ። እንዳሉት ጻፍ ብለውኛልና ምንም አልቀንስም።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መጀመሪያ ሥራሽ። ያ ወረብ ሁለት አካሄድ አለው። መጀመሪያ በዝግታ ነው፤ ከበሮው ሲመታ ወደ ቀኝ፣ ዝም ሲል ወደ ግራ እናዘነብላለን። በዝግታው ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በደንብ የተማረ ሰው ከሆነ አንዲት ጣት አይስትም። ጭብጨባው ሲጀመር ፈጥነን እንዘላለን፣ እዚያ ምንም አታገኚም፤ ተዪው። አቶ ደምለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጎልኝ፣ ምቱ የሚለዋወጥበትን ሁሉ ነግሬው ከዚህ በታች ጽፎታል።

ሁለተኛው ዓይኔ ነው። ቪዲዮውን አላየሁትም፤ ሰማሁት። ሞራ ነው ብለውኛል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ይነሳል ይላሉ። እኔ እንቢ ያልኩት ፈርቼ ነው። በግራ ዓይኔ ገና ጥቂት ብርሃን አለችኝ። ቢላ ነክቷት ብትጠፋስ? የአንሙትን ፊት ሳላይባት አላስነካትም አልኩ። ልጄ አላልኩሽም? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን በጆሮዬ እሰማዋለሁ፣ ፊቱ ግን እየሸሸኝ ነው። አንዳንድ ጊዜ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ፊት ይመጣብኛል። ለልጅቷ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ነው የለመንኩሽ።

ለፅጌ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ውሃ ስታቀብለኝ ጣሳውን እጄ ላይ ማስያዝ ከጀመረች ቆይታለች። ያወቀች ይመስለኛል።

(የኔታ ጨርሰው ተነሥተዋል። እኔ ደምለው፣ እባክሽ ምከሪያቸው።)


ኬፕ ታውን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለየኔታ፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የነገሩኝ ምት ሁሉ ልክ ነበር። ዝግታውን ብቻ ወሰድኩ፣ ከጭብጨባው ወዲያ ያለውን ተውኩት። ከፊት ያለው ሰው በእርግጥም አንዲት ጣት አልሳተም፤ እርሱ ባይሆን ኖሮ ቁራጮቹ አይገጥሙም ነበር።

አንሙት ተገኝቷል። እንደጠየቁኝ በቃል ልግለጽልዎት። ፊቱ ቀጠን ያለ ነው። ግንባሩ ላይ ሁለት መሥመር አለ፣ ከዕድሜው የቀደመ። ቀኝ ቅንድቡ ከግራው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንድ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው። አፉ ተከፍቷል፣ እያዜመ ነው። ፈገግታ አይደለም፣ ግን ደስ ብሎታል።

ከግራ ዓይኑ ሥር፣ ጉንጩ ላይ፣ የአንድ ሳንቲም ያህል ቦታ በጠቅላላው ቪዲዮ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተገለጠም። መሙላት ይቻል ነበር። አልሞላሁትም፤ ግራጫ አድርጌ ትቼዋለሁ። ያላየሁትን አየሁ አልልም። ከፊቱ ያለውን ትከሻም ከምስሉ አልቆረጥኩትም። ለምን እንዳልቆረጥኩት ሲያዩት ያውቁታል።

የኔታ፣ አሁን እኔ ደጃፍዎ ላይ መቋሚያዬን እተክላለሁ። ሞራ ከዓይን ፊት የቆመ መጋረጃ ነው። ሐኪሞቹ ከኋላው ያለውን መርምረው ደህና ነው ካሉዎት፣ ብርሃኑ እስካሁን እየመጣ ነው ማለት ነው፤ የሚነሳው የጋረደው ብቻ ነው። የአንሙት ምስል ደግሞ አሁን አይሸሽም፣ እዚህም እዚያም ተቀምጧል። ይታከሙ። እሺ እስኪሉኝ ከዚህ አልነቃነቅም።

ልጅዎ አይናለም


ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአይናለም፤

ይህንን በገዛ እጄ እንደጻፍኩት እይ። መሥመሩም ቀጥ ብሏል፣ ፊደሉም ደቅቋል። ያንቺንና የሐኪሞቹን እጅ ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ምስሉ ቀድሞኝ ነው ቤት የደረሰው። እኔ ደብረ ማርቆስ ዓይኔ ታሽጎ ተኝቼ ሳለሁ አቶ ደምለው ለፅጌ ሰጥቷት ነበር። እንደነገረኝ፣ ይህን ጊዜ አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ምስሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "መጣህ?" አለችው። ከዚያ የፎቶ ቤቱን ፎቶ ራሷ አወረደችው። ወለተ ኪዳን፣ "ያ ሰውዬስ?" ብላ ጠየቀች። እናቷም፣ "እንግዳ ነበር፣ ሄደ" አለቻት። ልጅቷም ይህን ያህል አላዘነችም።

ያቺን ግራጫ ቦታ ታስታውሻለሽ? ፅጌ የልጇን ጣት ይዛ እዚያ ላይ ታስነካታለች። አንሙት ልጅ ሳለ በጧፍ ተቃጥሎ የቀረችበት ትንሽ ጠባሳ ነበረችው፣ ልክ እዚያ። አንቺ ሳታይ የተውሽውን ፅጌ ታውቀዋለች፤ ሞልተሽው ቢሆን ኖሮ ምን ልትነግራት ነበር? ስለዚህ ስላወጣሽው ብቻ ሳይሆን ስለተውሽውም ታመሰግንሻለች። ይህን ይጻፉልኝ ብላኛለች።

እኔ ከሆስፒታል እንደመጣሁ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። አየሁት። ቅንድቡ እንዳልሽው ነው፤ ዜማ ሳሳየው ከልቡ የገባው ሲመስለው እንደዚያ ያነሳው ነበር። ልጄን አየሁት፣ አይናለም። ቆሜ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ ዓይንህን አታሽ ብሎኝ ስለነበር እንባዬ እንዲወርድ ተውኩት።

ትከሻውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ነጩ ካባ ላይ ፅጌ በሰማያዊ ክር የጠቀመችውን ቀዳዳ አየሁ። የኔ ካባ ነው። የጋረድኩት እኔ ነኝ። አንቺ ይህን አውቀሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽም! ከፊቱ ቆሜ ስውል ከኋላዬ መኖሩንም አላወቅሁም፤ የቆምኩበትም የወትሮ ቦታዬ አልነበረም፣ እንግዳውን እያስተናገድኩ ነበር። ግን ዘንበል ባልኩ ቁጥር አንድ ቁራጭ እያሳየሁሽ ኖሯል። በሰማንያ ዓመቴ ወረብ አልሳትኩም ማለት ነው። ለዚህም ተመስገን።

ወለተ ኪዳን አጠገቤ መጥታ እግሬን ያዘች። ምስሉ ላይ ያለውን ትከሻ በጣቷ አሳየችኝ፣ "ይሄ አንተ ነህ" አለች። አዎ አልኳት። ፊቱን አሳየችኝ፣ "ይሄ አባዬ ነው።" አዎ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ "አባዬ ከኋላህ ነው ያለው" አለችኝ።

አላፍርም፣ ዞር ብዬ አየሁ።

የምታዪውን ሰማይ ያጥራልሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል